ያለ ካራ የተከፈተ ራስ

ዘመንን በእኛ አቈጣጠር ለሚቈጥር ሰው 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ዓመት ነው፤ ከዚያ በቀር ሌላ ነገር ሊነገርለት የሚሻ ዓመት አይመስልም። ሆኖም ዐፄ ምኒልክ የክተት ዐዋጅ አስነግረው ሠራዊቱ ወደ ሰሜን በሚተምበት በዚያ ወራት፥ ጥቅምት 29 ቀን፥ በጀርመን አገር ቩርትስቡርግ በምትባለው ከተማ ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን የሚባል የፊዚክስ መምህር በጨለመ ክፍል ብቻውን ሆኖ፥ በጥቁር ወረቀት በተሸፈነ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እየሰደደ ሲመረምር፥ ከቱቦው ራቅ ብሎ የተቀመጠ ቅመም የተቀባ ሰሌዳ በጨለማው ውስጥ ሲያበራ ተመለከተ። ዐይን የማያየው፥ ወረቀትንና እንጨትን፥ ሥጋንም ሳይቀር ዘልቆ የሚያልፍ አንድ ረቂቅ ነገር ከቱቦው እንደሚወጣ ተረዳ፤ ጠባዩ ምን እንደ ሆነ ስላላወቀም የሒሳብ ሊቃውንት ላልታወቀ ነገር በሚሰጡት ፊደል «ኤክስ» ብሎ ጠራው። ታኅሣሥ 13 ቀን የባለቤቱን የአና ቤርታን እጅ በፎቶግራፍ መስታወት ላይ አሳርፎ ጨረሩን ቢለቅበት፥ የጣቶቿ አጥንት በየአንጓው ተለይቶ፥ ቀለበቷም ሥጋ በሌለው ጣት ላይ እንደ ተንሳፈፈ ሆኖ ተቀረጸ።

ወሬው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ኤውሮጳን አዳረሰ። ከዐድዋም ድል በኋላ፥ ፈረንጆች ሜይ በሚሉት ወር፥ ጁዜፔ አልቫሮ የሚባል የጣልያን ጦር ሐኪም፥ በማዕርጉ ሌተና ኮሎኔል የሆነ፥ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቈስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን በናፖሊ ወታደራዊ ሆስፒታል ተቀብሎ፥ በክንዳቸው ውስጥ የተቀበረውን ጥይት በዚህ በአዲሱ ጨረር ፈልጎ አገኘው። የጦር ሕክምናን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ጨረሩ ለጦር ቍስለኛ ሲውል ይህ የመጀመሪያው እንደ ሆነ ይመሰክራሉ። እንግዲህ በዓለም ላይ በጨረር ተፈልገው ከተገኙት የጦር ሜዳ ጥይቶች የመጀመሪያዎቹ ከአባቶቻችን ጠመንጃ የወጡ ናቸው ማለት ነው፤ ይህንም ነገር ስለ ዐድዋ በምናወጋበት ጊዜ ሲነሣ ሰምቼው አላውቅም።

ጣልያኖች ይህን ጨረር በቋንቋቸው «ራጂ» ይሉታል፤ የእኛም «ራጅ» ከየት እንደ መጣ ድምፁ ራሱ ይናገራል። ቃሉን ተውሰን ግሡን ግን ከራሳችን ሰጠነው፤ ሰው ፎቶግራፍ እንደሚነሣ ሁሉ ራጅም «ይነሣል» እንላለን። አነጋገሩ ስሕተት የለበትም፤ ራጅ በርግጥ አንድ ዓይነት ፎቶግራፍ ነውና። ዛሬ በልማድ «ሲቲ ስካን ተነሣ» የምንለው ግን ሌላ ነገር ነው። ስካነር ሥዕል አያነሣም፤ ይቈጥራል፥ ያሰላል፥ ካሰላም በኋላ የስሌቱን ውጤት በሥዕል አምሳል ይጽፋል። ከሮንትገን ክፍል እስከዚህ ስሌት ድረስ ሦስት ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ ልተርከው የተነሣሁትም ይህን መንገድ ነው። ከዚህ ወዲያ የምጠቅሳቸው ዓመታት፥ ነገሩ የእነርሱ ስለ ሆነ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ስለ መጀመሪያው ዘመን ብዙ አልናገርም። ሮንትገን በግኝቱ የባለቤትነት መብት ከመጠየቅ ተቈጠበ፤ በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ሲቀበልም ገንዘቡን ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ። የጨረሩን ኀይል ያልተረዱ ሰዎች ግን ዋጋውን በገላቸው ከፈሉ። የቶማስ ኤዲሰን ረዳት ክላረንስ ዳሊ እጆቹን ተራ በተራ ካስቈረጠ በኋላ በ1904 ሞተ፤ ኤዲሰንም ከዚያ ወዲያ በጨረሩ መሥራት ተወ። በ1936 በሃምቡርግ ከተማ በአንድ ሆስፒታል ቅጥር ውስጥ ለጨረር ሰማዕታት የድንጋይ ሐውልት ሲቆም 169 ስሞች ተቀርጸውበት ነበር፤ ኋላም ሌሎች ስሞች ተጨመሩበት።

አሁን የራጅን ጕድለት ማስተዋል ያስፈልጋል። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ሲያሽ በአውራ ጣቱ የሚያነበውን፥ ራጅ በብርሃን ያነበዋል፤ እዚህ ድረስ ተአምር ነው። ራጅ የሚሰጠው ግን ጥላ ብቻ ነው። በመሸ ጊዜ የእንጨት ሸክም ያዘለች ሴት በግድግዳ አጠገብ ስታልፍ፥ ጥላዋን ብቻ ያየ ሰው እንጨቱን ከጀርባዋ፥ ሕፃን አቅፋ እንደ ሆነም ሕፃኑን ከደረቷ መለየት አይችልም፤ ሁሉም አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ አንድ ጥቁረት ይሆናልና። የሰው አካልም በጨረር ፊት እንዲሁ ነው፤ የፊቱ ከኋላው፥ የላዩ ከታቹ ተጣብቆ ይታያል። ከሁሉም የከፋው ራስ ነው። አንጎል በወፍራም አጥንት የታጠረ ለስላሳ ሥጋ በመሆኑ፥ የራስ ቅል ጥላ ይውጠዋል፤ በውስጡ ዕጢ ይኑር፥ ደም ይፍሰስ፥ ከሰሌዳው ላይ የሚነበብ ነገር የለም።

ስለዚህ ሐኪሞች አስጨናቂ ብልኀት ለመፈለግ ተገደዱ። ዋልተር ዳንዲ የሚባል አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1918 በራስ ቅል ቀዳዳ በኩል አየር ወደ አንጎል ባዶ ጓዳዎች አስገብቶ ራጅ አነሣ፤ በማግሥቱም ዓመት አየሩን በጀርባ አከርካሪ መርፌ በኩል መስደድ ጀመረ። አየሩ የገባባቸው ጓዳዎች ቅርጻቸው ይለያል፤ ቅርጹ ከተጣመመም ሐኪሙ ዕጢው በየት በኩል እንደሚገፋ ይገምታል። በሽተኛው ግን በወንበር ታስሮ እየተገለባበጠ፥ ራሱ እየተፈለጠና እያስመለሰው ነበር ይህ ሁሉ የሚደረገው። በ1927 ኢጋሽ ሞኒሽ የተባለው ፖርቱጋላዊ ወደ አንገት የደም ሥር ፈሳሽ ጨምሮ የአንጎልን የደም ሥሮች አሳየ። ሁለቱም ዘዴዎች አንጎልን ራሱን አያሳዩም፤ ጎረቤቶቹን አይቶ የቤቱን ባለቤት ጤና እንደ መገመት ናቸው። ይህም ሆኖ ሐኪሞች አምሳ ዓመት ያህል ከዚህ የተሻለ ነገር ሳያገኙ ኖሩ።

መፍትሔው የመጣው ከሕክምና ወገን አይደለም። ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ በ1919 በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃምሻየር ከገበሬ አባት ተወለደ፤ ከአምስት ልጆች የመጨረሻው እርሱ ነበር። ከእርሻው ጓሮ ላለ መውጣት ምክንያት የማያጣ፥ ብቸኝነትን የለመደ ልጅ ሆኖ፥ በሠራው ክንፍ ከድርቆሽ ክምር ላይ እየዘለለ ለመብረር ሲሞክር፥ የሬንጅ በርሜልም ውኃ ሞልቶ በአሰቲሊን ጋዝ ወደ ሰማይ ሲያፈናጥር፥ አንገቱን ሳይሰብር ማደጉ ያስደንቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በንጉሣዊው አየር ኀይል ስለ ራዳር አስተማረ፤ ከጦርነቱም በኋላ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ትምህርት ቤት ዲፕሎማ ተቀብሎ ኢ.ኤም.አይ. ወደሚባል ኩባንያ ገባ። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበረውም። በዚያ ኩባንያ ውስጥ ኢሚዴክ 1100 የተባለውን፥ ብሪታንያ በትራንዚስተር ብቻ ከሠራቻቸው ኮምፒዩተሮች መካከል ቀዳሚ የሆነውን፥ የነደፈውን ቡድን መራ። ያ ሥራ ከተጠናቀቀ በኋላ አለቆቹ ቀጥሎ ምን መሥራት እንደሚሻ እንዲያስብ ጊዜ ሰጡት። ለአንድ ሠራተኛ «አስብ» ብሎ ጊዜ መስጠት እንዴት ያለ ብርቅ ቸርነት እንደ ሆነ፥ በመሥሪያ ቤት የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

በ1967 ሐሳቡ መጣለት። ክዳኑ የተገጠመ ሙዳይ ሳይከፈት፥ ከየአቅጣጫው ጨረር ቢያልፍበት፥ በውስጡ ያለውን ነገር ከነቦታው ማወቅ ይቻላል አለ። ነገሩን በእኛ ገበጣ ላስረዳው። ሰማንያ ረድፍ፥ በያንዳንዱም ረድፍ ሰማንያ ጕድጓድ ያለው፥ በድምሩ 6,400 ጕድጓድ የሆነ ታላቅ ገበጣ በጨርቅ ተሸፍኗል እንበል። በየጕድጓዱ ስንት ጠጠር እንዳለ አይነገራችሁም፤ የሚነገራችሁ በዚህ ረድፍ ያሉት ጠጠሮች በድምሩ ይህን ያህል ናቸው የሚል ብቻ ነው። በርዝመቱ ያሉትን ድምሮች ብቻ ብትሰሙ ምንም አታውቁም። በርዝመቱም በወርዱም፥ በሰያፍም በየዲግሪውም ተደምሮ ቢነገራችሁ ግን፥ ትዕግሥት ያለው ሰው ተቀምጦ ቢያሰላ እያንዳንዱ ጕድጓድ የያዘውን ጠጠር ይደርስበታል። ጨረሩ ድምሩን ይናገራል፤ በመንገዱ ላይ ካለው ሥጋና አጥንት ሁሉ የተነሣ ምን ያህል እንደ ተዳከመ ይቈጠራልና። ትዕግሥተኛው ሰው ደግሞ ኮምፒዩተሩ ነው።

የመጀመሪያው መሣሪያ ግን ለዐይን የሚያስንቅ ነበር። ሃውንስፊልድ ከአሮጌ ቶርኖ አልጋ ላይ ጨረር የሚያወጣ ደካማ ምንጭ ገጠመ፤ ነገሩን እያንሸራተተና እያዞረ አንድ ቍራጭ ብቻ ለመለካት ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ 28,000 የሚያህሉትን ንባቦች ለማስላትም ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ወሰደ። ምንጩ በራጅ ቱቦ ሲተካ ዘጠኙ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የተቈረጠ ናሙና መለካት ሲጀምርም በመድኃኒት የቈየ የሰው አንጎል ጥሩ ሥዕል ሰጠው፤ ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ራሱ ልዩነቱን እንዳጋነነው ደረሰበት። ስለዚህ ትኩስ የበሬ አንጎል አስፈለገ። እዚህ ላይ ደግሞ እንግሊዞች ከብትን የሚያርዱት ግንባሩን መትተው ካደነዘዙት በኋላ ስለ ሆነ አንጎሉ ደም ይቋጥር ነበር፤ ስለዚህም ሃውንስፊልድ አንጎሉን የሚያስመጣው በካራ ብቻ ከሚያርዱት ከአይሁድ ሥጋ ቤት ነበር። እኛም ባርከን በካራ ለምናርድ ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይመስለንም፤ ነገር ግን የሙሴ ሕግ ለኮምፒዩተር ሊቅ ባለውለታ ይሆናል ብሎ የጠረጠረ ማን ነው?

ከሐኪሞች ወገን የመጀመሪያ አጋር የሆነው ጄምስ አምብሮዝ ነው፤ በለንደን ዳርቻ በዊምብልደን በሚገኘው አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የራጅ ሐኪም ነበር። ለራስ ብቻ የሚሆነው መኪና እዚያ ተተከለ፤ በኦክቶበር 1 ቀን 1971ም፥ ማለት በእኛ መስከረም 20 ቀን 1964 ዓ.ም.፥ በአንጎሏ ግንባር በኩል ዕጢ አለ ተብላ የተጠረጠረች አንዲት ሴት ራሷን በመኪናው ቀለበት ውስጥ አስገብታ ተኛች። በራሷ ዙሪያ ውኃ የሞላ የጎማ ከረጢት ተደረገ፤ ጨረሩ በአየርና በራስ ቅል መካከል ያለው ልዩነት እንዳያስደነግጠው ነው። መኪናው 160 ጊዜ ያነብባል፥ አንድ ዲግሪ ይዞራል፥ ደግሞ 160 ጊዜ ያነብባል፤ እንዲህ እያለ 180 ዲግሪ ሲሞላ ንባቡ 28,800 ይሆናል። ለአንድ ዙር አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ሴቲቱም ንቅንቅ ማለት አልነበረባትም። በሆስፒታሉ ኮምፒዩተር ስላልነበረ ንባቡ የተቀረጸበት ቴፕ ወደ ኩባንያው ተወስዶ ተሰላ። ሥዕሉ ተመልሶ ሲመጣ ሰማንያ በሰማንያ የሆነ የሻካራ ጥልፍ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ዕጢው ክብ ሆኖ ጠቍሮ በመካከሉ ታየ። ኋላ ራሷን ከፍቶ ያከማት ሐኪም ያገኘው ልክ በሥዕሉ ላይ እንደ ታየው ነው ብሎ መሰከረ። በሚቀጥለው ዓመት በኤፕሪል 20 ቀን ነገሩ በለንደን ለሊቃውንት ጉባኤ ተገለጠ፤ አየር ወደ አንጎል የመስደዱ ሥራም ከዚያ ወዲያ ቀስ በቀስ ተረሳ።

ሃውንስፊልድ ያላወቀው ነገር ቢኖር፥ የሒሳቡ ቍልፍ ሁለት ጊዜ ተገኝቶ ሁለት ጊዜ መጥፋቱን ነው። ዮሐን ራዶን የሚባል ኦስትሪያዊ የሒሳብ ሊቅ በ1917፥ ስለ ሕክምና ምንም ሳያስብ፥ ከድምሮች ተነሥቶ ውስጥን የማወቁን ጥያቄ በወረቀት ላይ ፈትቶት ነበር። በአፍሪካ ምድርም፥ በ1956፥ በኬፕታውን በግሩት ስኩር ሆስፒታል፥ አለን ኮርማክ የሚባል የጆሃንስበርግ ተወላጅ የፊዚክስ መምህር፥ ሕጉ ጨረር ያላቸውን ነገሮች የሚቈጣጠር የፊዚክስ ሰው ይኑር ስላለ፥ በሳምንት አንድ ቀን ተኩል እየሄደ ሲሠራ ያንኑ ጥያቄ አነሣ። ራዶንን ስላላወቀው በገዛ ራሱ መንገድ ፈታው። በእንጨት የተከበበ የአሉሚንየም ድቡልቡል ሠርተው እንዲሰጡት አዞ ለክቶ ቢያሰላ፥ በመካከሉ ያልጠበቀው ለየት ያለ ቍጥር ወጣበት፤ ስሕተት የሠራ መስሎት ቢጠይቅ፥ የብረት ሠራተኞቹ መካከሉን በሌላ ዓይነት አሉሚንየም ወትፈው እንደ ሠሩት ታወቀ። ማንም ያልነገረውን ምሥጢር ሒሳቡ ነገረው ማለት ነው። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህችን ውታፍ ነው። ሥራውን በ1963ና በ1964 አሳተመ፤ ዓለምም ዝም አለ። ጽሑፉን ልከህ አካፍለን ካሉት ጥቂቶች መካከል የሚገርመው በስዊስ አገር የተራራ በረዶ ናዳን የሚያጠና ተቋም ነበር።

ስለ ኢ.ኤም.አይ. ገንዘብ ብዙ ሰው ደጋግሞ የሚያወራው ተረት አለ። ያ ኩባንያ የዘፈን ሸክላ አሳታሚ ስለ ነበረ፥ ቢትልስ የተባሉትም ዘፋኞች የእርሱ ስለ ነበሩ፥ ስካነሩ የተሠራው በእነርሱ ዘፈን ትርፍ ነው ይባላል። ወሬው ጣፋጭ ነው፤ ጣፋጭነቱም ሳይመረመር እንዲኖር አድርጎታል። እውነቱ ግን ኩባንያው ብቻውን ሊሸከመው ስላልፈቀደ፥ ሥራው በነቢብ እንዳይቀር ከፍተኛውን ድርሻ የከፈለው የብሪታንያ መንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት ነው። ለግብር ከፋይ ግን ዜማ የሚያወጣለት የለምና ምስጋናው ለዘፋኞቹ ሆነ።

በ1979 ሃውንስፊልድና ኮርማክ የሕክምና ኖቤል ሽልማትን በአንድነት ተቀበሉ። አንዱም ሐኪም አልነበረም፤ አብረውም ሠርተው አያውቁም። በዚያው ዓመት ኢ.ኤም.አይ. በሌላ ኩባንያ ተጠቀለለ፥ ከጥቂት ጊዜም በኋላ የስካነር ሥራውን ጨርሶ ተወ፤ ከአሜሪካና ከጀርመን የተነሡ ታላላቅ ኩባንያዎች ገበያውን ወስደውበት ነበርና። ዘሪ አንድ፥ አጫጅ ሌላ ሆነ።

ኤም አር አይ የሚባለውን፥ ያለ ጨረር በማግኔት የሚሠራውን፥ እዚህ በሰፊው አልገባበትም፤ የራሱ ረጅም ታሪክ አለው። ሥጋችን አብዛኛው ውኃ ነው፤ በውኃ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን በብርቱ ማግኔት ፊት ቆሞ በሬድዮ ሞገድ ሲነካ መልሶ ድምፅ ይሰጣል፤ ያንን ድምፅ ወደ ሥዕል የመለወጡን መንገድ አሜሪካዊው ፖል ላውተርቡር በ1973 ገለጠ፤ ጽሑፉን ግን አንድ ታዋቂ መጽሔት አስቀድሞ አልቀበልም ብሎት ነበር። እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድም፥ በ15 ዓመቱ ትምህርት ቤት የተወ ሰው፥ ሒሳቡን አፋጠነው። በ2003 ሁለቱ ሲሸለሙ፥ የታመመ ሥጋና ጤነኛ ሥጋ በማግኔት እንደሚለዩ በ1971 ያሳተመው ሬይመንድ ዳማዲያን ከሽልማቱ ውጭ ቀረ፤ በታላላቅ ጋዜጦችም ሙሉ ገጽ ገዝቶ በደሉን ጮኸ። ፍርዱን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ፤ ስሙን ግን በማስታወቂያ ገዝቶም ቢሆን ማስጠራቱ አልከፋኝም። የመኪናውም የመጀመሪያ ስሙ «ኑክሌር» የሚል ቃል ነበረበት፤ በሽተኞች ቦምብ እየመሰላቸው ስለ ፈሩ ቃሉ ተሰረዘ።

የሃውንስፊልድ ስም ግን ምንም ማስታወቂያ ሳያስፈልገው በየቀኑ ይጠራል። ስካነሩ የሚጽፈው ቍጥር መለኪያው በእርሱ ስም ተሰይሟልና። በዚያ መለኪያ አየር ከዜሮ በታች 1,000 ነው፤ ስብ ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ አጥንት ወደ ላይ እጅግ ይርቃል። አዲስ የፈሰሰ ደም ከአንጎል ሥጋ ከፍ ስለሚል፥ በድንገት ግማሽ ጐኑ የሰነፈ በሽተኛ በሌሊት ሲመጣ፥ ሐኪሙ የደም ሥሩ ተደፍኖ ይሁን ወይስ ፈንድቶ የሚለየው በዚህ ቍጥር ነው፤ ለአንዱ የሚሰጠው መድኃኒት ሌላውን ይገድላልና። ውኃ ግን ዜሮ ነው። በየሆስፒታሉ ባለሙያው ጠዋት በሽተኛ ከመግባቱ በፊት፥ ውኃ የሞላ ትንሽ በርሜል የመሰለ ዕቃ በቀለበቱ ውስጥ አስቀምጦ መኪናውን ያዞረዋል፤ ውኃው ዜሮ ሆኖ ካልተነበበ መኪናው እስኪታረም ድረስ በደጅ ያሉት ይጠብቃሉ።